የታጠበ ብር

ልጄ ጓሮ ትሪ በአመድና በሎሚ ትፈትጋለች። ይህ ሽታ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።

መተማ ሳለን አያቴ አንድ ጣሳ ሙሉ ማርትሬዛ ብር አውርሰውኝ ሞቱ። አሮጌው ከአዲሱ ይበልጥ ያወጣል ስለተባለ፣ እናቴ እንዲለዩልን አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ከገንዳ ውሃ ከተማ አስጠራች። እንግዳ ሊያየው ነው ብዬ ጠዋቱን ሙሉ በአመድና በሎሚ ፈተግሁት።

ሽማግሌው አንዱን አነሡ፣ ሌላውን አነሡ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ማን እጠቢ አለሽ?»

«ቆሽሾ ነበር፣ አባባ።»

«ቆሻሻ አይደለም፤ ዕድሜው ነው። የተጻፈበት ዓመት እንደሆነ ሁሉም ላይ አንድ ነው። እኔ የማየው ጥቁረቱን ነበር።»

«ታዲያ አይለዩልንም?»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከጣሳው ሥር እጄ ያልደረሰባትን አንዲት ጥቁር ብር አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩ።

«ይህችን ብቻ አውቃታለሁ። እንዳትነኪያት።»

ከሌሎቹ የትኛው አሮጌ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ጥቁሯን ግን በጨርቅ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫታለሁ።

ልጄ ትሪውን ጨርሳ ገባች። እርጥብ መዳፏን ዘረጋችልኝ፤ ብሯ እንደ መስታወት ታበራለች።

«እማዬ፣ መሳቢያሽ ውስጥ አገኘኋት። ቆሽሻ ነበር።»