በአዳራሹ ሰሌዳ ላይ የወጣው ሳንባ

በአውቶቡስ መናኸሪያው ጓዳ ውስጥ የሚሠራውን ሰው ተሸካሚዎቹ «ጋሽ ስክሪን» ይሉታል። ሚስቱ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ትኬት ትቆርጣለች፤ ቀና ባለች ቁጥር የምታየው እሱ የሚያሠራውን ትልቁን የመነሻ ሰዓት ሰሌዳ ነው።

ሰሌዳው የራሱ ኮምፒውተር አለው፤ ጓዳው ውስጥ ደግሞ ሌላ አለ። ሁለቱም የሚሠሩት ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ነው፤ እዚህ ላይ ነው የሚገርመው ነገር። ፕሮግራሙ አንዱ ኮምፒውተር ላይ እየሠራ ምስሉ ሌላ ክፍል ባለ ስክሪን ላይ ሊወጣ ይችላል! የት ይውጣ የሚለውን የምትወስነው አንዲት አጭር የትዕዛዝ መስመር ናት። ጓዳ ብለህ ከጻፍክባት ጓዳ፣ አዳራሽ ካልክ አዳራሽ።

ያን ዕለት ጠዋት ሰሌዳው በአዲስ ሰፊ ስክሪን ተተካ፤ ጽሑፉ ግን ጠርዝ ላይ እየተቆረጠ አስቸገረ። ጋሽ ስክሪን የማሳያውን ማስተካከያ ፋይል ከፍቶ ስፋቱንና ቁመቱን በልኩ አስገባ፤ ከዚያም መስመሯን ወደ አዳራሹ አዙሮ ሞከረ። ሰዓቶቹ ቁልጭ ብለው ወጡ። ደስታው መስመሯን መመለስ አስረሳው።

ምሳ ሰዓት ላይ በሩን ዘግቶ ከሆስፒታል የደረቱ ምስል የተሰጠበትን ፍላሽ ከኪሱ አወጣ። ሳሉን «የኮምፒውተር አቧራ ነው» እያለ ሚስቱን ሲሸነግል ከርሟል። አምና ወንድሟን የነጠቃት ይኸው የሳንባ በሽታ ነው፤ ያንን ስም እንዴት አድርጎ ከአፉ ያውጣው?

ምስሉን ከፈተ። ምንም የለም። ደግሞ ከፈተ። አሁንም ምንም። እንደገና ሲጫን ከአዳራሹ ድምፅ ተሰማ።

«ይኼ ደግሞ የየት አገር ካርታ ነው?»

«ኧረ ሳንባ ነው! ወደዚያም አውቶቡስ ጀመሩ እንዴ?»

ሳቅ ፈነዳ። አንዱ ተሸካሚ ግን ከምስሉ በላይ የተጻፈውን የታማሚውን ስም ጮክ ብሎ አነበበ፤ ሁሉም ወደ ትኬት ቆራጯ ዞሩ። ጋሽ ስክሪን መስመሯ አሁንም አዳራሽ እንደምትል አየና ክው ብሎ ቀረ።

በሩ ተበረገደ። ሚስቱ የትኬት ጥራዟን እንደያዘች ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ያንተ ነው?»

እጁን ወደ ፍላሹ ሰደደ።

«አንተን እኮ ነው! መንገደኛው ሁሉ የደረትህን ውስጥ አይቶ እኔ መጨረሻ ልስማ?»

«እንዳትደነግጪ ብዬ…»

«አሁን ያልደነገጥኩ መሰለህ?» በጣቷ ወደ አዳራሹ አመለከተች። «ከዚያ አጥፋው። እዚህ ክፈትልኝ።»

አንዴ የተከፈተ ምስል ከስክሪን ወደ ስክሪን አይዘልም፤ መዝጋትና እንደገና መክፈት ያስፈልጋል። ዘጋ፤ መስመሯን አረመ፤ ከፈተ። ሳንባው ጓዳው ውስጥ ፊታቸው ላይ ወጣ።

«የቱ ጋ ነው?»

ጣቱን አሳረፈ። እሷም አጎንብሳ ብዙ አየች።

«ኧረ ትኬት የሚቆርጥ የለም?» አሉ ከውጭ። ዞርም አላለች።

«ወንድሜ ሲታከም የቤተሰብ ፈቃድ የፈረምኩት እኔ አይደለሁ? ቤተሰብ ይዘህ ና ብለውሃል አይደል? ቀጠሮው መቼ ነው?»

«ባለፈው ሳምንት ነበር።»

አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ የትኬት ክፍሏን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ ኪቦርዱ ላይ ጣለችው።

«ተነስ፣ ሆስፒታል እንሂድ» አለችው።