ሁዳዴን በጠርሙስ የከረመው ዶሮ ወጥ

የፋሲካ ዕለት ጠዋት... አማቴ ከላፍቶ መጥተው ጀሞ ኮንዶሚኒየማችን ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። ሁዳዴን ሙሉ የጾሙ ሴት ናቸው። እንጀራው ቀርቧል። ባሌ ተሾመ ደግሞ ዋንጫ እንዳነሳ ካፒቴን የማዮኔዝ ጠርሙስ ከፍ አድርጎ ከጓዳ ወጣ።

ውስጡ ያለው ማዮኔዝ ቢሆን ደስታዬ ነበር። ዶሮ ወጥ ነው። ጾሙ ሳይገባ የተሠራ!

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ዶሮና ጥንቸል በጠርሙስ ሲያሽግ ቪዲዮ አየና «ለፋሲካ የዶሮ ዋጋ እሳት ይሆናል፣ አሁኑኑ ሠርተን እናሽገዋለን» ብሎ ተነሳ። ጥንቸሉን እንኳን እግዜር ይስጠው ተወልን። ወጡን በየጠርሙሱ ሞላ፣ ክዳኑን ጠበቅ አደረገ፣ ትልቁ ድስት ውስጥ በውኃ ቀቀላቸው። ከዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ ከሱፉ ሥር ደረደራቸው። ለካ ሳይንቲስት ነው ያገባሁት።

የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ቪዲዮውን ከፍቼ አየሁት። የኔ ሳይንቲስት ግማሹ ላይ የኢንተርኔት ጥቅሉ አልቆበት ኖሯል... እኔ እስከ መጨረሻው አየሁ። ሽማግሌው ጣቱን ቀስሮ ያስጠነቅቃል። ሥጋ በተራ የፈላ ውኃ አይታሸግም፤ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የግፊት ድስት ከሌለ መርዝ ሊፈጠርበት ይችላል፤ መርዙ ደግሞ ላይሸትም ላይታይም ይችላል። እንግሊዝኛዬ እዚህ ግባ የሚባል ባይሆንም «ይገድላል» የሚለው በደንብ ገብቶኛል።

ሮጬ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ክዳኖቹ አብጠዋል።

«ተሼ፣ ይሄ ነገር ይጣል።»

«ሰውዬው የሚያወራው ስለ ፈረንጅ ዶሮ ነው። ይሄ የሀበሻ ነው፣ በርበሬ አለው። እናቴ ባዘጋጀችው በርበሬ ውስጥ የሚኖር ጀርም ገና አልተፈጠረም!»

«ክዳኑስ ለምን አበጠ?»

«ቅመሙ ነዋ! ኃይል አለው።»

«እሺ ቅመሰው።»

«ጾም እኮ ነው!» አለኝ፣ በሃይማኖቱ የቀለድኩበት ይመስል። ከዚያ ቁም ሳጥኑን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

እንግዲህ እሁድ ጠዋት ላይ ደረስን። ክዳኑን ሲከፍተው ጠርሙሱ ጭስስስ አለ... አረፋም ወጣ። ፈራሁ፣ ከልቤ ፈራሁ። ስወልድ ያረሱኝ እኚሁ ሴት ናቸው።

«እማማ ይቆዩ፣ እንዳይቀምሱት!»

አማቴ ጠርሙሱን ዙሪያውን አዩት። «ዶሮ እንደ አረቄ በጠርሙስ መቀመጥ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?» አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «በል፣ ያቀረበ ሰው ነው መጀመሪያ የሚቀምሰው። ቅመስና ስጠኝ።»

ተሼ እንጀራ ቆረሰ። ጠቀለለ። ጉርሻውን ወደ አፉ አስጠጋና... እዚያው ቆመ። በበርበሬ ሲምል የነበረው ሰውዬ አረፋውን አየ፣ እኔን አየ፣ እናቱን አየ።

«እኔ እንኳን... ሆዴ ጾሙን ለምዶታል። ትንሽ ልቆይ።»

«አንተ የፈራኸውን ነው ለእናትህ የምታቀርበው?» አሉት አማቴ፣ ቀስ ብለው። አንገቱን ደፋ። እውነቴን ነው አሳዘነኝ፤ ሊያስደስታቸው ብሎ ነው እንጂ ክፉ አላሰበም።

ጠርሙሶቹን በሙሉ በፌስታል ደራርበን ጠቅልለን፣ ውሻ እንኳን በማያገኘው ቦታ ጣልን። ለጀሞ ውሾችም ፋሲካ ነው፣ ለምን ይሙቱብን? ከዚያ እንቁላል ጠበስኩ።

እንቁላሉ ሲቀርብ ተሼ ቀድሞ እጁን ሰደደ። አማቴ ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።

«ሆድህ ጾሙን ለምዶት የለ እንዴ?»

እኔም ምን ላድርግ፣ የትናንቱን ሽሮ አሞቅኩለት... በእናቱ በርበሬ የተሠራ ስለሆነ ስለ ጀርሙ አያስብም።