የእትዬ ሉሴያኔ ቃል

ሌሲዬሊን ያማጥኳት እኔ፣ የሚያዙባት እትዬ ሉሴያኔ። የባሌ የሞሴሴ ታላቅ እህት ናቸውና በልጄ ላይ የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነው። እኛ የቶንጋ ደሴት ሰዎች እንዲህ ነን። ያናድደኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

እትዬ አላገቡም፣ አልወለዱም። አጥር ለአጥር ነን፤ ግን ወንድማቸው ካለ ቤታችን አይገቡም። ካደጉ በኋላ ወንድምና እህት አንድ ክፍል ውስጥ መዋል ነውር ነው። ጎደሬያቸውን ብቻቸውን ቀቅለው ብቻቸውን ይበላሉ።

ሌሲዬሊ ስድስት ዓመቷ ላይ እግሯን መጎተት ጀመረች፤ ጀርባዋም ያስጮኻት ነበር። ከኒውዚላንድ የመጣው ሐኪም አከርካሪዋ ውስጥ እጢ አገኘ።

«ልጅ ላይ እምብዛም አይታይም» አለን። «ካልወጣ አንድ ሁለት ዓመት ትራመድ ይሆናል፤ በኋላ ግን ትንፋሿን ይይዛል። ሲወጣ ደግሞ እግሯን ልታጣ ትችላለች።»

ስለ ሽንቷ ማስረዳት ሲጀምር፣ ለልጅቷ ሲሉ ነውሩን ችለው በሩ ጥግ ተቀምጠው የነበሩት እትዬ ብድግ ብለው ወጡ። እንዲህ ያለ ወሬ በወንድም ፊት አይሰማም። ሐኪሙ የተቆጡ መሰለው። የቀረውን ኮሪደሩ ላይ እኔ ነገርኳቸው።

«ሞሴሴስ ምን አለ?»

«ምን ይላል? እርስዎን ነው የሚጠብቀው።»

«አንቺስ?»

«እኔን ደግሞ መቼ ጠይቀውኝ ያውቃሉ?»

እትዬ በወጋችን ለክብር ወገባቸው ላይ የታጠቁትን ሰሌን አጠበቁ።

«ይውጣ» አሉ።

እጢው ወጣ፤ ሕመሙም አብሮ ሄደ። እግሯ ግን አልተመለሰም። ዘመድ አዝማዱ ክፍሉን ሞልቶ ከሞሴሴ ጋር ሲያለቅስና ሲጸልይ፣ እትዬ ውጪ አግዳሚው ላይ ናቸው። ክፉ የተናገራቸው የለም፤ አጠገባቸው የተቀመጠም የለም። ምሳ ስወስድላቸው «ለልጅቷ ስጫት» ይሉኛል። ያን ጊዜ አንጀቴን በሉት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በሩ ክፍት እንደሆነ፣ ሞሴሴ ከሌሲዬሊ አልጋ አጠገብ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠራኝ።

«ለእህቴ ንገሪልኝ። ቃሉ የእኔ ቢሆን ኖሮ እኔም ‹ይውጣ› ነበር የምለው።»

ወጣሁ። እትዬ አንድም ቃል አላመለጣቸውም፤ ግን እንዳልሰማ ሰው ቀና ብለው ጠበቁኝ። ነገርኳቸው።

«እንዲህ አለ?» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ። ውስጥ ሞሴሴም እያለቀሰ ነበር። ሁለቱ ሊተቃቀፉ አይችሉምና እኔ እትዬ አጠገብ ተቀመጥኩ።