የዝግ ሱቁ አድራሻ

እህቴን ሰፈሩ ሁሉ «ማን ላከህ» ይላታል። በር ሲንኳኳ ከ«ማነው» በፊት እሱን ስለምትጠይቅ ነው። ቆጣሪ አንባቢውም፣ ስኳር ልትበደር የመጣች ጎረቤትም እኩል «ማን ላከህ፣ ማን ላከሽ» ይባላሉ። እኔ ታናሿ ነኝ፤ እትዬ ነው የምላት። ስቄባት አላውቅም ብል ውሸት ነው። ስቄባታለሁ፣ ተቆጥቻታለሁ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አብሬያት ጠርጥሬ የሠራነውን ሥራ ሳስበው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጥርጣሬዋ ከሰማይ አልወረደም። መጀመሪያ በተሰደድንበት ከተማ ብርድ ልብስ እናድላችሁ ብለው ስማችንን ከነአድራሻችን የጻፉ ሰዎች ነበሩ። ፈገግ ባዮች፣ ልጅ አቃፊዎች። ብርድ ልብሱም መጣ፤ ደህና ብርድ ልብስ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ያንኑ ዝርዝር የያዙ ፖሊሶች መጡና የእትዬን ባል በስሙ ጠርተው ወሰዱት። ወደ ሸሸንበት አገር መልሰው ላኩት አሉን፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማንም። እትዬ የአራት ዓመት ልጇን አዝላ፣ እኔን አስከትላ እዚህ ከተማ ገባች። ብርድ ልብሱን እዚያው ጥላው ነው የመጣችው፣ በዚያ ብርድ።

እነሆ አሥራ ሦስት ዓመት ላውንደሪ ቤት እንሠራለን። እሷ ትተኩሳለች፣ እኔ አጥፋለሁ፣ ቁጥር እለጥፋለሁ። የመተኮሻ ጠረጴዛዋን በመንገዱ በኩል ካለው መስኮት ፊት ያዞረችው ራሷ ናት። ዓይኗ መንገዱ ላይ ሆኖ እጇ ሸሚዝ ይጨርሳል፤ አንዲት እጥፋት አታመልጣትም። ባለቤቱ «ይቺ ሴትዮ ሁለት ሰው ናት» ይላል። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ወረቀት ላይ ስማችንን አስጽፈን አናውቅም። ልጅቷን ትምህርት ቤት የተቀበሏት ለሕፃን ወረቀት ስለማይጠይቁ ነው።

ጣጣው የመጣው ልጅቷ የነርስነት ትምህርት ቤት ፈተና ስታልፍ ነው። ከሁለት መቶ ተፈታኝ ዘጠነኛ ወጣች፤ የሚቀበሉት ዘጠኝ ብቻ ነው። እልል ማለት ነበረብን፤ እኛ ግን ደብዳቤው መጨረሻ ላይ ያለችውን መስመር ደጋግመን አነበብን። በሁለት ወር ውስጥ የነዋሪነት ካርድ ያላቀረበ ቦታው ለሌላ ይሰጣል ትላለች።

ካርዱ ደግሞ አዲስ ነገር ነበር። የከተማው ምክር ቤት እዚህ የሚኖር ሰው ሁሉ፣ ከየትም ይምጣ እንዴትም ይግባ፣ ካርድ ያገኛል ብሎ አወጀ። ክሊኒክ ያሳክማል፣ ትምህርት ቤት ያስገባል፣ ቤት ያከራያል። ማዕከላዊ መንግሥት ነገሩ አልጣመውም፤ ሬዲዮው ጠዋት ማታ የከንቲባዋንና የሚኒስትሩን ጭቅጭቅ ያወራል። እትዬ እየተኮሰች ታዳምጥና «ተስማምተው የሚጣሉ ናቸው፣ እኛን ለማውጣት ነው» ትላለች። ልጅቷ ግን ለመነች፣ አለቀሰች፣ ሁለት ቀን ምግብ አልበላም አለች። እናት ናትና እጇን ሰጠች።

ማዘጋጃ ቤት አብሬያት ሄድኩ። መስኮት አራት ላይ ያለችው ሴት ጠይም ናት፣ መነጽሯ በክር የታሰረ። ቅጹ ላይ ከየት መጣችሁ የሚል የለም፤ እንዴት ገባችሁም የለም። ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ አለቀ። እኔ እፎይ አልኩ። እትዬ ጭራሽ ደነገጠች። «የማይጠይቅ ሰው የሚያውቅ ሰው ነው» አለችኝ በጆሮዬ። ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች፣ በብርሃን አየችው። ከዚያ የልጅቷን ስም ሞላች፣ የስልኩን ቦታ ባዶ ተወችና አድራሻ በሚለው ላይ ከላውንደሪው ፊት ለፊት ያለውን ዝግ ሱቅ ጻፈች። ድሮ ሰዓት ጠጋኝ የነበረበት፣ ሁለት ዓመት ያልተከፈተ።

ስንወጣ ዘዴዋን ነገረችኝ። ፖሊስ ከመጣ ወደዚያ ነው የሚመጣው፤ እኛ ከመስኮታችን እናየዋለን። ደህና ሰው ከመጣ ደግሞ ያኔ ትክክለኛውን አድራሻ እንሰጣለን። ልጅቷ እንዳትሰማ አለችኝ። እኔም፣ ምን በወጣኝ ልዋሽ፣ ብልህ ናት አልኩ።

ሦስት ሳምንት ጠበቅን። አንድ ሰኞ ጠዋት ብስክሌት የያዘች ሴት መጣች። የሱቁን በር አንኳኳች፣ ዙሪያውን አየች፣ ፖስታ በበሩ ክፍተት ሰክታ ሄደች። ነጭ ጫፉ ከመስኮታችን ይታያል።

«ዩኒፎርም የላትም፣ የሚያስፈራው እሱ ነው» አለች እትዬ።

የኛ ደብዳቤ ቢሆንስ አልኳት። የኛ ከሆነ ይቆየናል፣ ማጥመጃ ከሆነ ግን የሚያነሳውን የሚጠብቅ ሰው አለ አለችኝ። ያን ቀን ደግሞ አንድ ጎልማሳ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። አውቶቡስ ይመጣል፣ አይሳፈርም። ሌላም ይመጣል፣ አይሳፈርም። በቃ አገኘነው! ሁለታችንም ሥራ ፈትተን እሱን ስንጠብቅ ዋልን። ወደ አሥር ሰዓት ተነስቶ መንገዱን ተሻገረና ገባ። ሰውዬው ጠዋት ለባለቤቱ የሰጠውን ሱፍ እየጠበቀ ኖሯል፤ «እስካሁን አልደረሰም?» አለ። እኛ እሱን ስንጠብቅ እሱ እኛን። ማታ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፤ ፖስታውን ግን አላነሳነውም።

በሳምንቱ ብስክሌተኛዋ ሁለተኛ ፖስታ ሰካች። እኔ አንድ ቀን ልሄድ ተነስቼ ነበር፤ እግሬ ደፉ ላይ ቀረ። ልጅቷ በየቀኑ ካርዱስ ትላለች፤ እትዬ እነሱ ቀርፋፎች ናቸው ትላታለች። እኔ አንገቴን ደፍቼ አንሶላ አጥፋለሁ። ሦስተኛው ፖስታ ግን በፕላስተር ነው በሩ ላይ የተለጠፈው፣ ፊት ለፊት፣ ማንም እንዲያየው።

ያየችው ልጅቷ ናት። ስታልፍ የገዛ ስሟን በተዘጋ ሱቅ በር ላይ አነበበች። ሦስቱንም ይዛ ገባች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ በተሻለ።

«እማዬ፣ ስሜ እዚያ ምን ይሠራል?»

እትዬ ካውያውን በጀርባው አቆመች፣ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለች፣ ገና እኩለ ቀን ሳይሆን። በአሥራ ሦስት ዓመት አይቼው የማላውቅ ነገር ነው። ልጅቷ አንብባ ጨርሳለች። የመጀመሪያው ካርድዎ ደርሷል፣ መጥተው ይውሰዱ ይላል። ሁለተኛው ያስታውሳል። ሦስተኛው፣ ነዋሪዋ በአድራሻዋ ስላልተገኘች ማመልከቻው ተዘግቷል ይላል።

ሮጠን መስኮት አራት ደረስን። እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ለባለሥልጣን ተናገረች፣ ከብርድ ልብሱ ጀምራ። ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ ሰማች። ከዚያ ፋይሉ የለም አለችን። የተዘጋ ማመልከቻ በዚያው ቀን ይደመሰሳል፤ ካርዱም ተቆርጧል። አሁን አመልካች ስለበዛ አዲስ ማመልከቻ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ የትምህርት ቤቱ ቀን ዓርብ ያበቃል።

«ለምን ትደመስሱታላችሁ?» አለች እትዬ። ድምፅዋ አንጀት ይበላ ነበር።

ሴትዮዋ ወደ መስታወቱ ጠጋ አለች። «አምና ከማዕከላዊ መንግሥት መጥተው የስም ዝርዝሩን አምጡ አሉን። ከንቲባዋ እምቢ አለች። ነገ ግን ሌላ ከንቲባ ይመጣል። የሌለንን ማንም አይወስድብንም ብለን ነው። እኛም እንደ እርስዎ እንፈራለን፣ እህቴ።»

የፈራችውን ነገር እነሱም ፈርተውላት ነበር፤ የልጇን ቦታ የበላው የሁለቱ ፍርሃት ነው። እትዬ አዲስ ቅጽ ጠየቀች። ሴትዮዋ አድራሻ ስትላት ወደኔ ዞራ አየችኝ። በመጨረሻ ተናገረች። «ከላውንደሪው ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ በስተግራ። ደወሉ አይሠራም፣ ጠንከር አድርገው ያንኳኩ።»

የልጅቷን ቦታ አሥረኛ የወጣው ልጅ ወሰደው። እሷ እስከ መጪው ዓመት ፈተና ድረስ ከኛ ጋር ላውንደሪ ገባች፤ ከጎኔ ቆማ አንሶላ ታጥፋለች። እናቷን ዘጠኝ ቀን አላናገረቻትም፤ በአሥረኛው ቀን ጨው አቀብይኝ አለቻት፣ እትዬም በዚያ አለቀሰች። ትምህርት ቤቱ መጪውን ዓመት ምን እንደሚል እንጃ። እኔ የራሴን ቅጽ ወስጃለሁ፤ እስካሁን ፍራሼ ሥር ነው። አስብበታለሁ።

በስድስተኛው ሳምንት እራት ላይ ሳለን በሩ ተንኳኳ፣ ጠንከር ተደርጎ። እትዬ ጉርሻዋ እጇ ላይ ቀረ፣ አፏ እንደ ልማዱ «ማን ላ…» ብሎ ጀመረ። ልጅቷ ግን ቀድማት ተነስታ በሩን ከፍታው ነበር።