ቀዩ ከላይ የሆነበት ምሰሶ

ሰሞኑን ለቡ መብራት ኃይል የምንኖርበት ሕንፃ ነዋሪዎች ተሰብስበን ነበር። የሊፍቱ መስታወት ተሰብሮ አንድ አዲስ ተከራይ ተጠርጥሯል፤ ማስረጃው በፋሻ የተጠቀለለ እጁ ነው። «ከሱ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?» አሉ አንዲት ጎረቤታችን። ብዙዎቹ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ስለ ሰውየው ምንም አላውቅም፤ ይህችን ጥያቄ ግን አውቃታለሁ።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። መካኒሳ አቦ፣ በመንገዳችን ካሉት ቤቶች ጴንጤው የኛ ብቻ ነው። ወላጆቼ ከሶዶ መጥተው እዚያ መኖር ከጀመሩ ቆይተዋል፤ አባቴም የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ነው። ጥር ሲገባ፣ ጠዋቱ ብርድ ቀኑ አቧራ በሚሆንበት ሰሞን፣ የሰፈሩ ልጆች ለጥምቀት የመብራት ምሰሶውንና የመንገዱን ጠርዝ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ይቀባሉ። እኔ በየዓመቱ ከአጥር ውስጥ ሆኜ አያለሁ። ቅናት ይሁን ሌላ እንጃ፣ በዚያ ዓመት አላስቻለኝም። ጓደኛዬን ሀብታሙን ለምኜ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ሳይነሳ አንድ ምሰሶ እንድቀባ ፈቀደልኝ። «በአረንጓዴው ጀምር» ብሎኝ እሱ ወደሚቀጥለው አለፈ። እኔም በአረንጓዴው ጀመርኩ፣ ግን ከታች ነው። ቀዩ አናት ላይ ወጣ። ስህተቴ የገባኝ ሲነጋ ነበር፤ ላስተካክል ስል የሰው ድምፅ ሰምቼ ሮጬ ቤት ገባሁ።

ቦምቦሊኖዬን በሻይ እየበላሁ ሳለ በሩ ተንኳኳ። በመንገዱ መግቢያ በተሰቀለው የእንኳን አደረሳችሁ ባነር ላይ አረንጓዴ ቀለም ተደፍቶበታል። የወጣቶቹ አስተባባሪ ዮናስ ዓይኑን ጫማዬ ላይ ተከለ። የነጭ ሸራ ጫማዬ አፍንጫ አረንጓዴ ነው። ወዲያው የእድራችን ዳኛ ጋሽ ተሾመም፣ ግማሹ ሰፈርም ግቢያችን ገቡ። አባቴ ወጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«ከሱ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?» አለ ዮናስ።

ጣቢያ እንውሰደው የሚሉ ነበሩ። ሊመሰክርልኝ የሚችለው ሀብታሙ አጠና ሊያመጣ ፉሪ ሄዷል። እውነቱን ብናገር ከጣቢያ እድን ይሆናል፤ ግን የሽማግሌው ልጅ ለታቦት ማሳለፊያ ምሰሶ ቀባ የሚለው ወሬ እሁድ ከአባቴ ቀድሞ ጸሎት ቤት ይደርሳል። የአባቴን ዝምታ ደግሞ ከዱላ በላይ እፈራ ነበር። ጋሽ ተሾመ ሁለቴ ጠየቁኝ፣ ሁለቴም መሬት መሬት አየሁ። በሦስተኛው ወደ አባቴ ሳልዞር ተናገርኩ።

«ቀዩ ከላይ የሆነበትን ምሰሶ የቀባሁት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ተሾመ የልጆቹን ጫማ አንድ በአንድ ተመለከቱ። ሁሉም ላይ የተንጠባጠበው ቀይ ነው፤ በትክክል ለቀባ ሰው የታችኛው ቀለም ቀይ ነዋ። አንዱ ሳቀ። ዮናስ ግን አልተረታም፤ ምሰሶውን ያበላሸ እጅ ባነሩንም ሊያበላሽ ይችላል፣ ከዚያ ቀጥታ ቤቱ መግባቱን ማን አየ አለ። ጥሩ ክርክር እንደነበር ዛሬ አምናለሁ።

«እኔ» አለ አባቴ። «ለማለዳ ጸሎት ስወጣ ሲቀባ አየሁት። እንዳያፍር ብዬ በጀርባ መንገድ ዞሬ ሄድኩ። ስመለስ ባነሩ ደህና ነበር፣ እሱም ቤት ገብቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከግቢ አልወጣም፣ ጋሽ ተሾመ።»

ነገሩ እዚያው አለቀ። ባነሩን ማን እንዳበላሸው እስከዛሬ አላውቅም። ዮናስ ከሰዓት በኋላ ብሩሽና ቀለም ይዞ መጣና ምሰሶህን አስተካክል አለኝ፤ ይቅርታ መጠየቁ ነው። አባቴ እያየ ተቀበልኩት።

ማታ አባቴን ለምን እስከዚያ ዝም እንዳለ ጠየቅኩት። «አንተ ቀድመህ እንድትናገር ፈልጌ ነው» አለኝ።

አሁን እሱ የለም፤ እኔም ልጆች አሳድጋለሁ። እንደ አባት ሳስበው ልክ ነበር እላለሁ። ከጸሎት ቤት ሰዎች የደረሰበትን ነቀፋም አንድ ቀን አላነሳብኝም፤ በዚህ በጣም እወደዋለሁ። ሁሉን እያወቀ አጠገቤ ቆሞ፣ ስንቀጠቀጥ ያየኝን እነዚያን ደቂቃዎች ግን እስካሁን ይቅር አላልኩትም።