ቤት ማንን ትተሽ መጣሽ?

ሥራ የጀመርኩት ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። የመጀመሪያ ቀን ጋውኔን ተኩሼ፣ የልብ ማዳመጫዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ገባሁ። አንዲት ነፍሰ ጡር ከመንገድ እንደመጣች ተቀመጠች፤ እኔም እውቀቴን ለማሳየት ቸኩዬ የደም ግፊት መለኪያውን ክንዷ ላይ ልጠመጥም ተነሣሁ።

«ቆይ» አሉኝ ዋናዋ አዋላጅ፣ ሲስተር በላይነሽ። «መጀመሪያ ትንፋሿ ይመለስ። ከዚያ ቤት ማንን ትታ እንደመጣች ጠይቂያት። ክንዷ የትም አይሄድም።»

ለወሬ መስሎኝ ነበር። ግን አለቃ ናቸውና ጠየቅኋት። ልትወልድ የደረሰች ላም ለጎረቤት አደራ ብላ መምጣቷን፣ ጎረቤቷም ደግሞ እንቅልፋም መሆኗን አጫወተችኝ። የእንቅልፋሟን ነገር ስታወራ ራሷም ሳቀች። ያኔ ስለካት ግፊቷ ደህና ነበር። ሲስተር በላይነሽ «አየሽ?» አሉና ወደ ሻያቸው ተመለሱ።

ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ የእናቶች ማቆያ የምንለው ቤት ነበረን። ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች መውለጃቸው ሲቃረብ እዚያ ገብተው ይጠባበቃሉ። ሲስተር በላይነሽ ያንን ቤት የሚያስተዳድሩት በራሳቸው መንገድ ነው። ሲመሽ ሴቶቹን በባሕር ዛፉ ጥላ ቀስ እያሉ ያዘዋውሯቸዋል። ያበጠ እግር በለብ ያለ ውሃ ይታጠባል። ጥጥና እንዝርት ይዛ የመጣችውን «ፍተይ፤ እጅ ሥራ ሲይዝ ልብ ያርፋል» ይሏታል። አተነፋፈስ ሲያስተምሩ ደግሞ «በአፍንጫሽ ሳቢ፤ ከዚያ ትኩስ ገንፎ እንደምታቀዘቅዥ በአፍሽ ቀስ አድርገሽ ልቀቂው» ይላሉ። ሁልጊዜም አንዷ «ገንፎው ታዲያ የት አለ፣ ሲስተር?» ማለቷ አይቀርም።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ወንበራቸው ለእኔ ደረሰኝ። ከዚያ ወዲህ ካየኋቸው እናቶች ሁሉ የማልረሳት ይታይሽን ነው።

ይታይሽ ከአምበር ገባ ብሎ ካለ ቀበሌ የመጣች፣ የመጀመሪያዋን ያረገዘች ልጅ ናት። በእኛ አገር በኩሯን የምትወልድ ሴት እናቷ ቤት ሄዳ ነው የምትወልደው። የእሷ ግፊት ግን ከፍ ከፍ ይል ስለነበር ቀደም ብላ ማቆያ እንድትገባ ነገርኳት። አሻፈረኝ አለች። በኋላ እናቷ አብራት ልትቀመጥ ቃል ስትገባ እሺ አለች። ባሏ ልየው አመጣት፤ እናቷ ወይዘሮ ጥሩዬ የቅዳሜን ገበያ ውለው ሊከተሉ።

ቅዳሜ አለፈ፤ እናት አልመጡም። ልየው በኮባ የተጋገረ ዳቦ ይዞ መጣና «ሥራ በዝቶባቸው ነው» አለ። ደውልልኝ ስትለው «ኔትወርክ እምቢ አለ» አላት። ይታይሽ ዳቦውን ቆረሰች፣ አሸተተችው፣ መልሳ አስቀመጠችው።

«ይህ የእናቴ እጅ አይደለም» አለችኝ እሱ ከወጣ በኋላ። «እናቴ ያለ ጥቁር አዝሙድ ዳቦ ጋግራ አታውቅም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አላት። እንዝርቷ ከነጥጧ ጥግ ላይ ተጋደመ። እንቅልፍ ራቃት፣ ግፊቷም ወደ ላይ ሄደ። ራስ ምታት እንዳላት፣ ዓይኗ ብዥ ይልባት እንደሆነ እየጠየቅሁ ሽንቷንም እያስመረመርኩ ተከታተልኳት፤ ከዚህ ካለፈ ወደ ሆስፒታል መላክ ግድ ነው። እሷ ደግሞ ልብሷን ጠቅልላ በእግሬ አገሬ እገባለሁ ትላለች። ፈራሁ። ያቺን ሆድ ይዛ ያን ሁሉ መንገድ!

ልየው ተመልሶ ሲመጣ በር ላይ ያዝኩት፤ እውነቱን ነገረኝ። አማቱ ከገበያ ሲመለሱ ከበቅሎ ወድቀው እግራቸው ተሰብሯል። ወጌሻ አሽቷቸው፣ በቀርከሃ ታስረው ተኝተዋል።

«ታዲያ ለምን አትነግራትም?»

«ሲስተር፣ እርጉዝ አይደለች? ትደነግጣለች። ደግሞስ ምን ልበላት? ‹እናትሽን ትንሽ አሟቸዋል› ልበላት?»

እዚህ ላይ እውነቱን ነው። እኛ ዘንድ መርዶ የሚጀምረው «ትንሽ አሟቸዋል» ተብሎ ነው። ይህን የሰማ ሰው የሚቀረው ደረቱን መምታት ብቻ ነው።

ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ነገርኩት። «የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ አንቺ ግፊቷን ተከታተይ» አለኝ።

«ግፊቷ እኮ ያለው ቤተሰቧ ዘንድ ነው» አልኩት።

«እንግዲያው ስትነግሯት አጠገቧ ሁኚ። እኔም አምቡላንሱን ዝግጁ አደርጋለሁ» አለ። እግዜር ይስጠው፤ ሌላ አለቃ ቢሆን ኖሮ «ማን ሊጠየቅ ነው?» ይለኝ ነበር።

ነገርናት። ልየው የፈራውም ደረሰ። «እግራቸውን…» ከማለቱ ይታይሽ ወገቧን ይዛ ጮኸች።

«ሞታለች በሉኝ! እግሩ የተሰበረ ሰው አፉ ይዘጋል?»

በማቆያው ያሉት ሴቶች እንዝርታቸውን ጥለው አብረዋት አለቀሱ። አንዷማ ነጠላዋን ለለቅሶ ማደግደግ ጀምራለች። «ኧረ ማንም አልሞተም!» ብዬ ብጮህ ማን ይስማኝ? መርዶ ነጋሪ ሁልጊዜ የሚለው ይህንኑ አይደል!

ያኔ የእኔም የልየውም ቃል እንደማይረዳት ገባኝ። ልየውን «አሁኑኑ ሂድ፤ አማትህ አልጋ አጠገብ ቆመህ ወደ እኔ ስልክ ደውል» ብዬ ሰደድኩት። ባጃጅ እስከሚደርስበት በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲያ በእግሩ። እኔ የይታይሽን እጅ ይዤ ተቀመጥኩ። «ገንፎውን አቀዝቅዥው፣ የኔ ልጅ» እላታለሁ። በለቅሶዋ መሐል እፍ ትላለች፣ ደግማ ታለቅሳለች፣ ደግማ እፍ ትላለች። ሴቶቹም ዙሪያዋን ቁጭ ብለው እፍ ይላሉ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ስልኩ ጮኸ። ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፈትኩት። መጀመሪያ የውሻ ጩኸት መጣ፤ ቀጥሎ የሴት ድምፅ።

«አንቺ ይታይሽ! ደህና ነሽ ወይ?»

ይታይሽ አላመነችም። «ማነሽ?» አለች።

«ጉድ! ማነሽ ትለኛለች! የወለድኩሽ ነኛ! እግሬ ተሰበረ እንጂ ምላሴ መች ተሰበረ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ይታይሽ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ወይዘሮ ጥሩዬ ግን ገና አልጨረሱም። «ደግሞ ያን ዳቦ የልየው እህት ናት የጋገረችው። ጥቁር አዝሙዱን እንዳትረሽ ብዬ ነበር፤ አልሰማ አለች!»

ያን ማታ ይታይሽ በላች፣ ተኛችም። ጠዋት ስለካት ግፊቷ ወርዷል። እስክትወልድ ድረስ መለካቴን አላቆምኩም፤ ሆስፒታል ግን አላስፈለጋትም።

ምጡ ሲጀምራት ለልየው ደወልኩለት። በዚያ አገር ምጥ የያዛትን ሴት ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪና መንገድ ያደርሷታል። የዚያን ቀን የተሸከሙት ግን የይታይሽን እናት ነበር። ከመንገዱ በባጃጅ መጡ፤ የታሰረው እግራቸው ልየው ጭን ላይ ተዘርግቷል። በር አጠገብ ወንበር ሰጠኋቸው። «ማርያም፣ ማርያም» ሲሉ ይታይሽ ከውስጥ እየሰማች አማጠች፤ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ወይዘሮ ጥሩዬ ሕፃኗን አቅፈው ዝም አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ሲሉ ያየኋቸው ያኔ ነው። እኔም ማልቀሴን አልደብቅም፤ ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት።

ዛሬ ጡረታ ላይ ነኝ። ለሲስተር በላይነሽ፣ ለኃላፊዬ፣ ስማቸውን ለማላውቃቸው ለእነዚያ ቃሬዛ ተሸካሚዎች ምስጋናዬ ብዙ ነው። ይታይሽ ወደ እኔ የሚመጣ ሰው ስታገኝ እስከ ዛሬ ዳቦ ትልክልኛለች። ጥቁር አዝሙድ ተረስቶ አያውቅም።

አሁን ለምትገቡት አዋላጆች የምለው ይህን ነው። ክንዷ ላይ መለኪያውን ሳትጠመጥሙ ቤት ማንን ትታ እንደመጣች ጠይቋት። የተደበቀ ነገር ካለ ይነገራት። የሚያሳስባት ሰው በሕይወት ካለ ደግሞ ራሱ ያናግራት።