የአምበል ልጅ ግምት

ጸጉር አስተካካዩን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «አምበል» በሚለው ስም ነው። ስሙን ብቻ የሰማ ሰው ትልቅ ተጫዋች ነበር ብሎ ያስባል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በወጣትነቱ የከተማችን ቡድን ሁለተኛ በረኛ ሆኖ ተመዝግቦ፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ አንድም ቀን ሜዳ ሳይገባ ጫማውን ሰቀለ። ጓደኞቹ ለቀልድ አምበል አሉት፤ ቀልዱ ተረስቶ ስሙ ቀረ። እሱም ቅር አይለውም። «ያንን ወንበር እንደኔ የመራው የለም!» ይላል ደረቱን ነፍቶ።

ሱቁ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ በጫማ ሰፊውና በፎቶ ቤቱ መካከል ነው። ሁለት ወንበር፣ አንድ ረጅም መስታወት፣ ከመስታወቱ በላይ ደግሞ ሬዲዮ አለ። ሬዲዮው ያወራል፤ አምበል ይመልስለታል። አንዱ የስፖርት ተንታኝ ስለ ቡድናችን ክፉ ከተናገረ አምበል መቀሱን አየር ላይ ያቆምና «አንተን ደግሞ ማን ጠየቀህ?» ብሎ ይጮሃል። ጭንቅላቱን አጎንብሶ የተቀመጠው ደንበኛ «እኔን ነው?» ብሎ ይደነግጣል። ውድድሩ ሊጀመር ሲል ጋዜጠኞቹ ቡድናችሁ ይወርዳል ይላሉ፣ አምበል ደግሞ ዋንጫው የኛ ነው ይላል። ቡድኑ ሁለቱንም አሳፍሮ መሀል ላይ ይጨርሳል። ኑሮው እንዲህ ነበር።

አንድ ጠዋት የአንድ ሹፌር ጢም እየላጨ ሳለ ከሬዲዮው አዲስ ድምፅ መጣ። የሴት ድምፅ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ የሚያስቀምጥ። ስለ ሁሉም ቡድኖች ግምቷን ስትሰጥ ቆይታ በመጨረሻ «የከተማችን ቡድን በዚህ አያያዙ ከወራጅ ቀጠና የሚያወጣው ነገር አይታየኝም» አለች።

አምበል ምላጩን ከሹፌሩ ጉንጭ ላይ አነሳ። እንደ ልማዱ ሊጮህ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። የተናገረችው የገዛ ልጁ ነበረች።

ትምህርቷን ጨርሳ ከመጣች ገና ብዙ አልቆየችም። ሬዲዮ ጣቢያው ስፖርት ክፍል ሲቀጥራት አምበል ለመንገደኛው ሁሉ እየነገረ በደስታ አብዶ ነበር። በመጀመሪያ ቀኗ የምትናገረው ይሄ ይሆናል ብሎ ግን አላሰበም።

«የማናት ይቺ ሟርተኛ?» አለ ሹፌሩ ዓይኑን እንደጨፈነ።

«የኔ ናት» አለ አምበል።

ለምሳ ቤት ሲገባ ልጁ ቀድማው ደርሳለች። እናቷ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ከምግብ ጠረጴዛው አጠገብ ስለሆነ እየሰፋችም ታስተናግዳለች።

«ምነው ልጄ? ምን አደረግንሽ?» አለ አምበል ወንበር እንኳ ሳይስብ።

«አባዬ፣ ያየሁትን ነው የተናገርኩት። አጥቂያቸውን ሸጠዋል። ተከላካዮቹ ደግሞ ሌላ ሰው ሲሮጥ ሲያዩ ይደክማቸዋል።»

«ሸጠዋል አትበይ፤ ሸጠናል በይ።»

«ጋዜጠኛ ሸጠናል አይልም።»

«ጋዜጠኛ ሳትሆኚ በፊት እኔ ትከሻ ላይ ሆነሽ ስታዲየም የገባሽ ልጅ ነሽ!»

«ሾርባው ቀዘቀዘ» አለች እናቷ። «ሬዲዮው ሱቅ ቀረ ስል ቤቴ ድረስ ተከተለኝ?»

ውድድሩ ተጀመረ። የልጅቷ ግምት እንደ ተቆረጠለት ቀሚስ ልክክ ማለት ያዘ። ይሸነፋሉ ስትል ይሸነፋሉ፤ አቻ ስትል አቻ። አምበል በየሳምንቱ ተቃራኒውን አፉን ሞልቶ ይናገራል፣ በየሳምንቱ ይሳሳታል፣ በማግስቱ ሱቁን ሲከፍት ግን ፊቱ ላይ አንድ ነገር አይነበብም። «ኳሱ እንቢ አለን እንጂ ጨዋታው የኛ ነበር» ይላል። ይሄን የሚለው ለማጽናናት አይደለም፤ ከልቡ ያምንበታል። ጠዋት ጠዋት እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው፣ ቡድኑ በአምስት ጎል ተሸንፎ እንኳ ቢሆን፣ እየፎከረ ነበር የሚወጣው።

ደጋፊው ግን እንደሱ አልነበረም። ሽንፈቱ ሲደራረብ ሰው የሚናደድበት ፈለገ፤ ተጫዋቾቹን ለቆ ወደ ልጅቷ ዞረ። «እሷ አፏን ባትከፍት ኖሮ» ይባል ጀመር። ሟርተኛ የሚለው ስም ከአውቶቡስ ማቆሚያው ተነስቶ ገበያ ደረሰ። እሷ በታክሲ ስትሄድ ሰዎች እየተጠቋቆሙ ያንሾካሹካሉ።

በዚህ መካከል ነው ያ ሹፌር ጢሙን ሊላጭ እንደገና የመጣው። አምበል አረፋውን ቀብቶ ግማሹን ፊት እንደጨረሰ፣ ሬዲዮው ላይ የልጅቷ ድምፅ ተሰማ። ሹፌሩ ጥርሱን ነከሰና «ምላሷ ይቆረጥ!» አለ።

አምበል ምላጩን ጠርጎ አስቀመጠ። ከሹፌሩ አንገት ላይ ጨርቁን ፈታ።

«ተነስ» አለው።

«ግማሹ ቀርቷል እኮ!»

«ይቅር። ግምቷን ስደብ፤ እኔም ስሰድብ ነው የምውለው። እሷን ግን እኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚረግም ሰው ጢሙን ሌላ ቦታ ይጨርስ።»

«አምበል፣ ቀልዴን ነው በናትህ!»

«እኔ ግን አልቀለድኩም።»

ሹፌሩ ፎጣ ጉንጩ ላይ ለጥፎ ወጣ። ጫማ ሰፊው አይቶት ወስፌው ከእጁ እስኪወድቅ ሳቀ። ወሬው ከሰዓት በኋላ ሰፈሩን አዳረሰው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ሱቅ ውስጥ ሟርተኛ የሚለውን ቃል የደገመ የለም።

የመጨረሻው ጨዋታ ሳምንት ደረሰ። ቡድናችን ካሸነፈ ይተርፋል፤ አቻ እንኳ አይበቃውም። የሚገጥመው ደግሞ ከላይ ያለ፣ ዓመቱን ሙሉ አንድም ጨዋታ ያልተሸነፈ ቡድን ነው። ልጅቷ አመሻሹ ላይ ወደ ሱቁ መጣች። ደንበኛ አልነበረም። ባዶው ወንበር ላይ ተቀምጣ በመስታወቱ ውስጥ አባቷን ተመለከተችው።

«አባዬ፣ ኃላፊዬ አንድ ነገር አለኝ።»

«ምን አለሽ?»

«ለዚህ ጨዋታ ያሸንፋሉ በይ አለኝ። ሕዝቡ ተቆጥቷል፣ ለአንድ ቀን ደስ ብናሰኘው ምን አለበት አለኝ።»

አምበል ዓመቱን ሙሉ ከዚያች ልጅ አፍ ሊሰማ የጓጓው ቃል ቢኖር ይሄ ነበር። ወለሉ ላይ የወደቀውን ጸጉር መጥረጉን አቆመ።

«አንቺስ? ያሸንፋሉ ብለሽ ታስቢያለሽ?»

«አላስብም።»

«እንግዲያው እንዳትዪው።»

«አባዬ፣ ስታዲየም በር ላይ ሊሰድቡኝ ይችላሉ።»

«ይስደቡሽ፤ አብሬሽ እገባለሁ። ግን ስሚኝ፤ እኔ አንቺን የምጣላሽ ስለምታስቢው ነገር ነው። ያላሰብሽውን ብትናገሪ ማንን ልጣላ?» ቀጠለና «ደግሞ እናሸንፋለን። ይሄንን የሚናገር ሰው ከፈለጉ እኔን ይጥሩኝ» አለ።

የመጨረሻውን ያለው ለወጉ ያህል ነበር። እሷ ግን ሐሳቡን ለኃላፊዋ ልታቀርብ ብድግ ብላ ወጣች፤ በማግስቱ አምበል የሠርግ ኮቱን ለብሶ ስቱዲዮ ውስጥ ማይክራፎን ፊት ተቀመጠ።

ልጅቷ አየር ላይ ሌላ ሰው ሆነች። «እንግዳችን፣ እንኳን ደህና መጡ» አለችው።

«ምን መጡ ትዪኛለሽ? አብረን አይደል የመጣነው?» አለ። ከመስታወቱ ወዲያ ያለው የድምፅ ባለሙያ አንገቱን ደፍቶ ሳቀ።

እሷ ግምቷን ተናገረች፦ ቡድኑ ይሸነፋል፣ ይወርዳልም። ምክንያቷንም አንድ በአንድ አስረዳች። ቀጥላ «የእርስዎስ ግምት?» አለችው።

«አንድ ለባዶ እናሸንፋለን።»

«ምክንያትዎ?»

አምበል ኮቱን አስተካከለ። «የግራ ተከላካያችን ትናንት ጸጉሩን ሊስተካከል መጥቶ ነበር። ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። የፈራ ሰው አንገቱ ላይ ምላጭ እያለ አይተኛም።»

«ይሄ እኮ ትንተና አይደለም» አለች፤ ሳቋን ለመያዝ ስትታገል ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ።

«ትንተና አላልኩሽም፤ እናሸንፋለን ነው ያልኩሽ።»

ከተማው ይሄን ሰምቶ ሲስቅ ዋለ። ከስንት ሳምንት በኋላ ስለ ቡድኑ የተሳቀ የመጀመሪያው ሳቅ ነበር።

በጨዋታው ቀን አባትና ልጅ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ስታዲየም ገቡ። በሩ ላይ ሁለት ጎረምሶች ሊሰድቧት ሲሉ አምበልን አዩና ተዉት። አንደኛውማ «አምበል፣ አንድ ለባዶ!» ብሎ እጁን አነሳለት። እሷ ጨዋታውን በቀጥታ ልታስተላልፍ ወደ ሬዲዮ ክፍሉ ወጣች፣ እሱ ከደጋፊው መሀል ተቀመጠ። አጠገቡ ያ ሹፌር ነበር፤ ጢሙን አሳድጎታል። ሹፌሩ ከወረቀት ከረጢቱ ለውዝ ዘግኖ ዘረጋለት፣ አምበልም ተቀበለው።

ጨዋታው ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ያ ወንበር ላይ የተኛው የግራ ተከላካይ ኳሷን ለራሱ በረኛ አቀብላለሁ ብሎ ለተጋጣሚ አጥቂ ሰጣት። ገባች።

«ዛሬም ተኝቷል!» ብሎ ጮኸ አንዱ ከኋላ፤ ሰዉ ሁሉ ወደ አምበል ዞረ።

«አሁን ነቃ» አለ አምበል ለውዙን እየፈለፈለ።

ከእረፍት በኋላ አንድ የማዕዘን ምት ተሻምቶ የመሀል ተከላካዩ በግንባሩ አገባና አቻ ሆኑ። ከዚያ ወዲያ ግን ኳሷ የተጋጣሚን የጎል ብረት ትመታለች እንጂ አትገባም። ደጋፊው መጮህ ደክሞት ዝም ሲል፣ በየሰዉ እጅ ካሉት ትንንሽ ሬዲዮዎች የልጅቷ ድምፅ ይሰማ ነበር። ያ የረጋ ድምፅ ቀርቷል። «አቀብለው! በግራ ነው፣ በግራ በኩል!» ትላለች። ከተቀያሪ ወንበር የገባው አጭሩ አጥቂ ኳሷን ይዞ ሳጥን ውስጥ ሲገባ ደግሞ «ምታ በለው! ምታ!» ብላ ጮኸች፤ መታትም፤ ገባች። ሬዲዮዎቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ «አገባን!» አሉ።

አምበል ጆሮውን ማመን አቃተው። «ሰማህ?» አለ ሹፌሩን ኮቱን ይዞ እየነቀነቀ። «አገባን ነው ያለችው! አገቡ አላለችም!» ሁለት ለአንድ ማሸነፋቸውን፣ መትረፋቸውን፣ ሰዉ እየዘለለ መሆኑን የተረዳው ከዚያ በኋላ ነው። ዓይኑን በኮቱ እጅጌ ጠረገ።

ማታ በዜናው ላይ ልጅቷ «ስለ ቡድኑ የሰጠሁት ግምት ስህተት ነበር። እንዲህ ተሳስቼ ደስ ብሎኝ አያውቅም» አለች። አምበል ግን በዚህ የሚበቃው ሰው አልነበረም፤ ድሉን ቀድሞ እንደገመተ ሳምንቱን ሙሉ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ነገረ። አንድ ለባዶ ብሎ እንደነበር ያስታወሰው ሰው ሲኖር «ጎሉን ሳይሆን ድሉን ነው የገመትኩት» ብሎ ያልፈዋል።

ጣቢያው ነገሩን ወዶት አባትና ልጅን በየሳምንቱ አንድ ላይ ማቅረብ ጀመረ። እሷ ትተነትናለች፣ እሱ እናሸንፋለን ይላል። እሷ ትልልቅ ከተሞች ካሉ ጣቢያዎች ጥሪ መጥቶላት ለጊዜው አልሄድም ብላለች። ሹፌሩም ተመልሶ ደንበኛ ሆኗል፤ ሲላጭ ብቻ አያወራም። የምትቸገረው እናቷ ናት የሚል ጎረቤት አለ፤ ክርክሩ በምሳ ሰዓትም ይቀጥላላ። እናትየዋ ግን አልተቸገረችም። ባለፈው ሳምንት ሁለቱ ሾርባ ፊት ስለ አዲሱ በረኛ ሲጨቃጨቁ የስፌት መኪናዋን አቆመችና፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «በረኛውስ ደህና ነው፤ ችግሩ አሰልጣኙ ነው» አለች።

አባትና ልጅ ማንኪያቸውን አስቀምጠው አዩዋት።